የመጋቢት ጃኬት

ጋምቤላ ውስጥ፣ በመጋቢት እኩለ ቀን ጃኬት አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ብታዩ ወባ ይዞት ነው ብላችሁ እንዳታዝኑለት። ስለ ምድር መሞቅ ሊሠለጥን እየሄደ ነው።

የእነዚህ ሰዎች አውራ ጌታሁን የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነው። የቢሯችንን አዳራሽ የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። የአዳራሹን ማቀዝቀዣ ኤሲ ለሚያሠራው ጄኔሬተር ቦታ ሲጠፋ በራፉ ላይ የነበረውን ትልቅ የኒም ዛፍ አስቆረጠ፤ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ደግሞ መስኮቶቹን በሚስማር አስመታ። ምን ያላሰበው ነገር አለ?

ባለፈው ሥልጠና አጠገቤ ተቀምጦ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ውጭ ጄኔሬተሩ ጥቁር ጭሱን ይተፋል። አሠልጣኙ፣ «ከነዳጅ የሚወጣው ጋዝ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናታል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል» ይላል።

«ብርድ ልብስ ይዤ መምጣት ነበረብኝ» አለኝ ጌታሁን በሹክሹክታ።

እኔ በአንድ ጆሮዬ አሠልጣኙን፣ በሌላው ጄኔሬተሩን እየሰማሁ ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ። እናንተ ብትሆኑ አርፋችሁ ትቀመጡ ነበር?

ድንገት ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ቀጥ አለ። ኤሲውም አብሮ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ አሠልጣኙ ምንም ማስረዳት አላስፈለገውም። የቆርቆሮው ጣሪያ ግሎ፣ የስንቱ ሰው ትንፋሽ ታፍኖ፣ ምድር የምትኖረውን ኑሮ ለጥቂት ደቂቃ ኖርነው። የሚከፈት መስኮት ስለሌለ በአንዷ በር እየተገፋፋን ወጣን። ውጭ የጠበቀን ፀሐይ ብቻ ነው።

ጌታሁን ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ የኒሙ ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ግራ ቀኙን አየና በንዴት ተናገረ፤

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ግን? እዚህ ጋ አንድ ዛፍ እንኳ አይተክሉም?»