ሊቀ አራዊትና የኔ ጆሮ

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሰው ስለ ኑሮው ሲያወራ እሱ ስለ ድመት ጺም፣ ስለ ዝንብ እግር፣ ስለ ሌሊት ወፍ ጆሮ ያወራል። እኔ በመኪና ያልረገጥኩት አገር የለም፤ የትም ብሄድ ይሄን ሰው አላጣሁትም። የኛን ሰፈር የሚያህል ግን አላየሁም። እኛ ሁሉ ነገራችን አንደኛ ነው።

የኛው፣ ክቡር ሊቀ አራዊት ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሰፈር ውስጥ ያለ ቅጽል ስም ሁሉ ከኔ አፍ የወጣ ነው። ሠላሳ ዓመት የእንስሳት ሐኪም ቤት በር ጠብቆ ጡረታ ወጥቷል። ሐኪሞቹ ውስጥ የሚያወሩትን በመስኮት ሲሰማ ነው የኖረው። «እነሱ የተማሩት ሰባት ዓመት ነው፤ እኔ ሠላሳ» ይላል። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ምን ትለዋለህ?

ቁጭ አይልም። ወንበር ስትሰጠው የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ይቆማል፤ ሁለት ቃል ሳይናገር በሌላ ጎንህ ዞሮ ታገኘዋለህ። አንገቴን ያጣመመው እሱ ነው። ንግግሩን የሚዘጋው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፦ «ምስኪን ሰው፣ አምስት ብቻ ተሰጥቶት።» ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ ማለቱ ነው። አምስቱ አንሰውት በኛ ያዝናል።

አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ቤት ገባ። ወንበሩ ላይ ፊቱን በአረፋ የሞላ ደንበኛ አለ።

«ድመት ጺሟን ብትላጭ ምን እንደምትሆን ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ፤ ሰው ይዣለሁ እኮ።»

«ቀዳዳ ውስጥ ትቀረቀራለች። ጺሟ ሥሩ ነርቭ ነው። ጫፉን ንፋስ ሲነካው ሥሩ ያውቃል። ገላዬ ያልፋል አያልፍም ብላ የምትለካው በሱ ነው።»

ምላጩ አየር ላይ ቆመ። ደንበኛው ከአረፋው ውስጥ «የሰውስ ጺም?» አለ።

«የሰውማ ምን ይለካል? ምስኪን ሰው፣ አምስት ብቻ ተሰጥቶት።»

ደንበኛው ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹን ላስብበት ብሎ ወጣ።

ምግብ ቤትም እንደዛው ነው። አንዴ ስድስት ሆነን ምሳ ቀርቦልን ዝንብ አረፈችበት። ሊያባርሯት እጅ ሲነሳ «ተዋት፣ እየቀመሰችልን ነው» አለ። «በእግሯ እኮ ነው የምትቀምሰው። እግሯ ላይ ያለው ፀጉር ጣፋጭ ነገር ሲነካ ነው አፏን የምትዘረጋው። እስቲ አሁን፣ ያ እግር ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት የት እንደነበር አስቡት።» አራቱ ሰዎች አስበው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እኔ የአራቱንም በላሁ። የኔ ሆድ ወሬ አይሰማም። ወጣት እያለሁማ አንዴ ለአምስት ሹፌር የተሠራ ምግብ... ይቅር፣ እሱ ሌላ ጊዜ ነው።

አከራያችንን «እርስዎ እኮ እንደ አምባዛ ነዎት» ያላቸው ቀን ግን ልናጣው ነበር። ምስጋናው መሆኑ ነው። ይሄ ጺማሙ ዓሣ ቆዳው በሙሉ ይቀምሳል፤ ውሃው ምንም ጭቃ ቢሆን ምግቡ የት እንዳለ በገላው ያውቀዋል። ሴትዮዋም ሰፈር ውስጥ የማያውቁት ነገር የለም፤ ያንን ሊያደንቅ ነው። ሁለት ወር በበራቸው እንዳያልፍ አደረጉት። እሱም በጀርባ በኩል እየዞረ፣ በአጥር ላይ ስለ ንብ ያስረዳቸው ነበር።

እኔ ለምን ቻልኩት? አልቻልኩትም። የባሰ ጭንቀት ይዞኝ ነው።

መካኒክ ነኝ። መካኒክ ስልህ እንደነዚህ ኮምፒውተር ሰክተው እንደሚያነቡት አይደለም። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም፤ ጆሮዬ ነው ያስተማረኝ። ኮፈን ሳይከፈት፣ መኪናው ገና መታጠፊያው ላይ እያለ «የዚህ ሦስተኛው ቫልቭ ነው» እል ነበር፤ ሲፈታ ሦስተኛው ቫልቭ ነው። ምስክር ጥራ ካልከኝ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ይክዳሉ።

ይሄ ጆሮ ባለፈው ዓመት ጥጥ የተወተፈበት ያህል ይታፈን ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም። ሞተር ይነሳል፤ እኔ የሚደርሰኝ ግን ከሌላ ሰፈር የመጣ ይመስላል። ሁለት መኪና አበላሽቼ ሁለቱም ተመለሱ። ጋራዡን ከአባቷ የወረሰችው ልጅ ጨዋ ናት፣ እጄ ላይ ነው ያደገችው። ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«ጋሼ፣ ሐሙስ አንድ ሚኒባስ ይመጣል። ድምፅ አለው። እርስዎ ያገኙታል። ካልሆነ ግን... ደክመዋል፣ ቤትዎ ይረፉ።»

ቤትዎ ይረፉ። እኔ ቤት ውስጥ ምን አለኝ? ግድግዳ ነው ያለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ተከተለኝ፣ ሊቀ አራዊት። ወሬውን ከየት እንደሰማ እንጃ። «ዛሬ አትምጣ» ብለው ቀድሞኝ ይሄዳል። ጋራዥ ገብቶ በመኪናዎቹ መሃል ይዞራል፣ ጎማ ይነካል፣ ሠራተኛው ሁሉ ይስቅበታል።

ሚኒባሱ ተነሳ። ሁሉም ከበቡኝ። ጎንበስ አልኩ። ጥጥ። ዞርኩ፤ በዚያም ጥጥ። ላቤ አንገቴ ላይ ወረደ። ልጅቷ እጇን አጣጥፋ ታየኛለች። በዚህች ሰዓት መጥቶ ፊቴ ተገተረና ጮክ ብሎ ጀመረ።

«እባብ እኮ ውጭ ላይ ጆሮ የለውም።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ሥራ ላይ ናቸው» አለችው ልጅቷ።

«ጆሮ የለውም፤ ይሰማል ግን። መንጋጋውን መሬት ላይ ያስተኛል። አይጥ ስትረግጥ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ መሬቱ መንጋጋውን ያንቀጠቅጠዋል፤ በአጥንቱ በኩል ውስጥ ወዳለው ጆሮ ይገባለታል። ከውጭ የሚመጣ ድምፅ አያስፈልገውም።»

ሁሉም ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ዓይን ዓይኔን እያየ የራሱን መንጋጋ በጣቱ መታ መታ አደረገ።

ረጅሙን ካቻቢቴ አነሳሁ። ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ፣ የእንጨት እጀታውን በጥርሴ ነከስኩ። ወይ ጉድ። ሞተሩ ራስ ቅሌ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ፣ እያንዳንዱ በየተራው። ቫልቮቹ ደህና። የውሃ ፓምፑ ደህና። ዲናሞው ላይ ሳሳርፈው፣ ጥርሴ መሃል አሸዋ የገባ ያህል ነው ያንገጫገጨኝ።

«የዲናሞው ኩሽኔታ ነው» አልኩ፤ ውስጡ የሚያሽከረክረው ብረት ማለቴ ነው።

አጥፍተው የሚያዞረውን ቺንጋ አውልቀው በእጅ አዞሩት። አሸዋ አሸዋ ይላል። ልጅቷ ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

«ይሄን ደግሞ የት ተማሩት ጋሼ?»

«የጥንት መካኒኮች ዘዴ ነው» አልኩ። «የዛሬ ልጆች አታውቁትም።»

እሱ እዚያው ቆሟል። አንዲት ቃል፣ አንዲት ስለ እባብ አልጨመረም። ሰፈሩ ውስጥ ብትነግራቸው አያምኑህም፤ ዝም አለ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቅኩት። «ጆሮዬን ማን ነገረህ?»

«አንተ። ድሮ ስለ ሌሊት ወፍ ስነግርህ ትሰድበኝ ነበር። ይኸው አምስት ወር አንገትህን ብቻ ትነቀንቃለህ። ጤነኛ ሰው እኔን እስከ መጨረሻው አይሰማኝም።»

በማግስቱ ጎትቶ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሟ ውጭው ነው የተበላሸው፣ ውስጡ ደህና ነው አለች፤ ለዚህ ነው በአጥንት የገባልኝ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ ትንሽ ማሽን ሰጠችኝ። እሱ ደግሞ የጉጉት ጆሮ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ ለምን እንደሆነ አስረዳት። ሐኪሟ ጻፈችው።

አሁን ሰፈሩ በሙሉ ይቀናብኛል። «አንተስ ማጥፊያ አለህ» ይሉኛል፣ ሲመጣ ባዩ ቁጥር። አለኝ፣ እውነት ነው፤ በጣት ነካ ማድረግ ነው።

ትናንት ደጃፌ ላይ እየተንጎራደደ ስለ ጊንጥ ያወራኛል፤ እግሯ ላይ ባሉ ስንጥቆች የነፍሳትን ኮቴ በአሸዋው ውስጥ እንዴት እንደምትለይ። መሃል ላይ ባትሪው ሞተ። ከንፈሩ ብቻ ቀረ። እጄን አንስቼ አስቆምኩት፤ ኪሴን ስፈትሽ፣ ባትሪው ሲወድቅብኝ፣ ተንበርክኬ ስፈልግ፣ መልሼ ስሰካ ቆሞ ጠበቀኝ። እሱ፣ አንድ ቦታ ቆሞ።

«ከየት ልቀጥልልህ?» አለኝ።

«ከመጀመሪያው» አልኩት።