ለአራተኛው ቃል የተፈረመ ድንጋይ

የወንዝ ዳር ጥበቃ ጽሕፈት ቤታችንን የሚያማ ሰው እኔ ፊት ባያማ ደስ ይለኛል። ሠራተኞቹ ሥራ ፈት ናቸው ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ እነሱ የሚፈቱት ሥራ ብቻ አይደለም፣ እንቆቅልሽም ይፈታሉ።

በየማለዳው ኃላፊው ስልክ ላይ አሥራ ስድስት ቃላት ይመጣሉ። ቃላቱን በዝምድናቸው እየለዩ አራት አራት አድርጎ መቧደን ነው። ሦስት ጊዜ መሳሳት ይፈቀዳል፤ በአራተኛው ስህተት ጨዋታው እስከ ነገ ይዘጋል። ኃላፊው ይህንን "የሠራተኛውን የማሰብ አቅም ማጎልበቻ መርሐ ግብር" ብለው በቃለ ጉባኤ አጸደቁት። የዕለቱ ሳይፈታ ምንም ወረቀት አይፈረምም። ትክክል ናቸው፤ ያልነቃ አእምሮ የፈረመው ወረቀት ለማን ይበጃል?

ዝናቡ አላቋርጥ ባለበት ሳምንት ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ወደዚያ ሄድን። ወንዙ አጥሯን ወስዶ ከግድግዳዋ ጋር ፊት ለፊት ይተያይ ነበር። የእሷ ቤት ከሄደ ቀጣዩ የእኔ ነው። የድንጋይ መከላከያ እንዲሠራልን ማመልከቻ ካስገባን ሁለተኛ ወሩ ሲሆን፣ በሽቦ የታሰረ ድንጋይ የጫነ መኪናም በጽሕፈት ቤቱ በራፍ ላይ ቆሟል። የጎደለው አንድ ፊርማ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ወንዙ ግድግዳዬ ሥር ደርሷል" አለች።

ኃላፊው ከስልካቸው ቀና አላሉም። "የዛሬው ርዕስ ጂኦግራፊ ነው፣ እህቴ። ሦስቴ ተሳስተናል። አንድ ዕድል ነው የቀረን።"

"እኔም የቀረኝ አንድ ቤት ነው።"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ሲሉ መከሯት።

ከሦስቱ ስህተቶች ሁለቱ የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ የሠራቸው ነበሩ። ሃያ ዓመት ወንዝ የለካ ሰው ነው፤ "ኬንትሮስ"ን የወንዝ ስም ነው ብሎ ሁለቴ ተከራክሮ ሁለቴም አሸንፏል።

"አንተ እዚሁ ጠብቅ፣ እኔ የስፌት መኪናዬን ላውጣ" አለችኝ ልብስ ሰፊዋ። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ "ቤቴኮ ዳርቻው ላይ ነው ያለው! ነገ አይደለም፣ ዛሬ ነው የሚወስደው!" ብላ ጮኸች።

መሐንዲሱ ከወንበሩ ተነሳ። "ዳርቻ! አለ እኮ! ዳርቻ የሚል አለ!"

ከአንድ ሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ወደ ቢሮው ደወለች። የኃላፊው ፀሐፊ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

"ኧረ በሦስት ጎን ውሃ ሆኗል! በአንድ በኩል ብቻ ነው መውጫ ያለኝ!"

ኃላፊው ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። "በሦስት ጎን ውሃ… ባሕረ ገብ መሬት!"

ቢሮው በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

"መጣችሁ?" አለች፣ ጭብጨባው ለእሷ መስሏት።

"ሁለተኛውን አገኘን፣ እህቴ። ስልኩን እንዳትዘጊው።"

"የምኑን ሁለተኛ?"

ስልኩን ተቀብዬ ነገሩን ሁሉ በሹክሹክታ አስረዳኋት። ውሃና መሬት የሚገናኙባቸውን ቦታዎች የሚጠሩ አራት ቃላት እየፈለጉ እንደሆነ ነገርኳት። ይህች ሴት በመርፌ ቀዳዳ ክር ስታሾልክ የኖረች ናት።

"ዙሪያዬን ውሃ ከቦኛል በላቸው" አለች።

"ደሴት!" አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

"አራተኛውንም አውቀዋለሁ" አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ግን በስልክ የሚነገር አይደለም፣ በዓይን ካልታየ አይገባም። ድንጋዩን ይዛችሁ ኑ።"

እስክሪብቶ ቢፈለግ ታጣ። ኃላፊው በፀሐፊዋ የቅንድብ እርሳስ ፈረሙ።

የዚያን ቀን ያየሁትን ትጋት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ኃላፊው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃ ውስጥ ገቡ። መሐንዲሱ ድንጋይ ተሸከመ፤ ወንዝ በእጁ ሲነካ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ውሃው ከድንጋዩ ጋር ተላትሞ ፊቱን አዞረ። ሁለቱም ቤቶች ቆመው ቀሩ።

ኃላፊው እያለከለኩ ስልኩን ወደ ልብስ ሰፊዋ ዘረጉ። "እሺ እህቴ፣ አራተኛው ቃል?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ? ልብስ ሰፊ ነኝ።"

መሐንዲሱ በድንጋጤ ስልኩን ነጥቆ "ኬንትሮስ"ን ነካ። ጨዋታው እስከ ነገ ተዘጋ።

ፍትሕ ግን አልተዘጋም። በማግስቱ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አባላቱ ኃላፊው፣ መሐንዲሱና ፀሐፊዋ ነበሩ። ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ፣ ልብስ ሰፊዋ "የሌለ ቃል እንዳለ በማስመሰል የሕዝብ ድንጋይ እንደወሰደች" አረጋገጠ። ድንጋዩ በአስቸኳይ ተነሥቶ ወደ መኪናው እንዲመለስም ወሰነ። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ማኅተም አርፎበታል፣ ቁጥርም ወጥቶለታል። ይኸው አራተኛ ወሩን ይዞ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱን የምትሉትን በሉ። እኔና ልብስ ሰፊዋ ግን በየማለዳው ከቤታችን ሳንወጣ እንጸልያለን፦ አምላካችን ሆይ፣ የዛሬውን ጠበቅ አድርግባቸው።