የመከታ ሳጥን

ትናንት እሑድ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ባልኩበት ያየሁትን ልንገራችሁ። የቀን ሕልም ነው ብላችሁ አትናቁብኝ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ፈቺም አልፈልግም፣ ብቻ ስሙኝ።

በሕልሜ ሳጥን ውስጥ ነበርኩ። ሞት ይርሳኝ፣ ስለ ሳጥኑ ሳልነግራችሁ! ወንድሜ ይርዳው ከሦስት ወር በፊት "አባባን ያጫውተው" ብሎ አንድ ቡችላ አመጣልን። ስሙን መከታ አልነው። ይርዳው አናጢ ጠርቶ የጣውላ ሳጥን አሠራለትና የሥልጠናውን ደንብ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ውሻ በተኛበት አይሸናም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን ሙሉ ሳጥን ውስጥ፣ ከዚያ ምንጣፍ ሳያረጥብ በዋለ ቁጥር ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየጨመሩ መልቀቅ። መከታ አንድ ወርም አልፈጀበት፣ ለመደ። ሳጥኑን ፈልጠን አነደድነው።

በሕልሜ ግን ሳጥኑ ደህና ነበር። ውስጡ ያለሁት እኔ ነኝ፤ የአርባ ስምንት ዓመት ሴትዮ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካኝ። መከታ መነጽሬን አድርጎ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። እግሩ መሬት አይደርስም።

"ትርንጎ፣ ደረቅ ነሽ?" አለኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደረቅ ነኝ ጌታዬ።"

"ጎበዝ!" አለና አንድ ፍሬ ዳቦ ቆሎ ወረወረልኝ። በአፌ ቀለብኩት። ወይ ውርደት! ደስ አለኝ ደግሞ እኮ። መሥሪያ ቤት የዕድገት ደብዳቤ ሲሰጡኝ እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም።

"ዛሬ ግማሽ ሰዓት ትወጫለሽ" አለኝ። "ሳሎን ብቻ። ኮሪደሩ ነገ ነው።"

እየዳሁ ስወጣ ከጎኔ ሌላ ሳጥን አየሁ። ውስጡ አባቴ ነበር። አባቴ ጋሽ ካሱ መንገድ ቀያሽ ነበር፤ የዚህን ከተማ ግማሹን በእግሩ የለካ ሰው ነው። የሱ ሳጥን ከኔ ያንስ ነበር።

"አባባ፣ ምነው እንዲህ ጠበበህ?"

"እርጥብ ባደርኩ ቁጥር አንድ ጣውላ ይቀንሱብኛል" አለኝ። "ምን ላድርግ ልጄ፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ይጠፋኛል።"

ወደ መከታ ዞርኩ። "ጌታዬ፣ እስከ መቼ ነው?"

"እስከ ዛሬ። ዛሬ ያልለመደ ክዳኑ በምስማር ይመታል።" ዳቦ ቆሎውን ቆረጠመ። "ጨካኞች እንዳንመስልሽ። እኛ አንማታም፣ የማንንም አፍንጫ ያረጠበው ላይ አናሽም። ግን አመል ያወጣል ከመሐል።"

"ሽማግሌ ነው እኮ! ምን ይሻላል?"

"ዋስ ይጥራ። ዋስ ያለው ይፈታል። ከተፈታ በኋላ ካረጠበ ግን ሳጥን የሚገባው ዋሱ ነው። ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ቅጹን አምጪ። ግማሽ ሰዓትሽ ጀምሯል።"

ሮጥኩ። መንገድ ላይ አንድ የመብራት ምሰሶ እግሩን አንሥቶ የታሰረ ውሻ ላይ ሲሸና አየሁ። ውሻው "ነውር አይደለም እንዴ?" አለው። ምሰሶው እግሩን ቀየረ።

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሠራተኞቹ ማኅተማቸውን በእጃቸው ይዘው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ባለጉዳዮቹ ውስጥ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ በመስኮት ብቅ እያሉ "ነገ ተመለሱ!" ይሏቸዋል። አንድ ክራቫት ያሰረ ኃላፊ እጄን ለቀም አደረገኝ።

"እህቴ፣ በናትሽ፣ ባለጉዳይ ነሽ? ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው። አንድ ማኅተም ብቻ ልምታልሽ?"

"የዋስ ቅጽ ነው የምፈልገው፣ ቶሎ በል!"

ሰውየው አለቀሰ። ቅጹ ላይ መታ፣ እጄ ላይ መታ፣ ግንባሬ ላይ ሁሉ መታ። ከዚያ ጉልበቴን ስሞ "ልጆችሽ ይደጉልሽ" አለኝ። ልጅ የለኝም፤ አሜን ብዬ ሮጥኩ። እየሮጥኩ ቅጹን አየሁት። አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት ያለችው፤ "ዋስ የሚሆኑለት ሰው ምንዎ ነው?" ትላለች። እሰይ፣ ቀላል ነው አልኩ።

ስመለስ ሳሎናችን ፍርድ ቤት ሆኗል። ቡችሎች ሶፋው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ብፌው ላይ ተደርድረዋል። የአባቴ ሳጥን የጫማ ካርቶን አክሏል። እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ። ድምፁ ብቻ ይሰማል፤ "ሃያ ሜትር ወደ ቀኝ፣ ከዚያ አሥር ሜትር ቀጥታ፣ ከዚያ በሩ…" ይላል፤ ይሳሳትና እንደገና ይጀምራል። አንድ ቡችላ ክዳኑ ላይ ቆሞ ምስማር በጥርሱ ይዟል።

መከታ መነጽሬን አውልቆ ጠረገው። "ትርንጎ፣ ሥልጠናሽን ጨርሰሻል። ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ ሁሉ ያንቺ ነው፤ ሳጥን የለብሽም።" ቡችሎቹ በጅራታቸው አጨበጨቡልኝ። "አሁን ለዚህ ችሎት ንገሪ። ይህ ሰው ምንሽ ነው?"

ልመልስ ስል እግሬ ረጠበብኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ። ከካርቶኑ ሥር ውኃ እየወጣ ምንጣፉን ይዞ እኔ ድረስ መጥቷል። ችሎቱ ገና አላየውም። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጉልበቴና አገጬ ትዝ አሉኝ፣ ፈራሁ።

"ቀላል ጥያቄ ነው እኮ" አለ መከታ። "ምንሽ ነው?"

አፌን ከፈትኩ፤ ባነንኩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ይላል ሰዓቱ። መከታ የአባቴ ወንበር ላይ ተዘርሮ ያንኮራፋል። የበረንዳው በር ለሱ ተብሎ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የአባቴ ክፍል ግን ከውጭ ተቆልፏል። የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ሁለቴ ምንጣፉን አረጠበ፤ አንዴ ደግሞ ወጥቶ ጠፍቶብን በሦስተኛው ቀን ነው ያገኘነው፣ እስቲ ፍረዱኝ! መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ነበር፣ ገበያ ደርሼ እስክመለስ። ከዚያ ግማሽ ቀን ሆነ። ከዚያ መሥሪያ ቤት የምውልበትን ሁሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እሑድንም ጨመርኩ፤ እኔም ሰው ነኝ፣ ይደክመኛል።

በሩ ከውስጥ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

"የቤቱ እመቤት" አለ አባቴ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ላስቸግርዎ ብዬ አይደለም። ለሽንት ብቻ ቢከፍቱልኝ ወዲያው እመለሳለሁ። ትርንጎ የምትባል ልጅ አለችኝ፣ እሷ ብትኖር አላስቸግርዎትም ነበር። መጥታ ይሆን?"

ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄድኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ በእጄ ያዝኩት። እንባዬ መጣ። አባባ፣ እኔ ነኝ ልለው ነበር። እኔ ነኝ ካልኩት ግን ማን ቆለፈብኝ ብሎ ይጠይቀኛል።

"ልጅዎ ገና አልመጣችም፣ አባቴ" አልኩ።