በሳይንስ ግቢ መሀል የቀረው ፈፋ

ወረቀት ላይ ሣር ማብቀልን የሚያህል ቀላል ነገር የለም። ውሃ አይጠይቅ፣ ፍየል አይበላው፣ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ አያጠወልገው። የእኔ እንጀራ ይኸው ነው፤ ሌላው ሕንፃ ሲነድፍ እኔ በሕንፃዎቹ መሀል ያለውን ባዶ ቦታ እነድፋለሁ። ባዶ ቦታ ምን ያስጨንቃል ትሉኝ ይሆናል። ቆዩማ።

የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ንድፍ ይዤ ሸዋ ሮቢት የወረድኩት ለዩኒቨርሲቲው የግንባታ ኮሚቴ ላቀርብ አንድ ቀን ሲቀረኝ ነበር። ግቢውን መሀል ለመሀል የሚሰነጥቅ ደረቅ ፈፋ አለ። እኔ በአፈር ሞልቼው፣ ከላዩ ሰፊ ሣር ዘርግቼ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድሬበታለሁ። ያምራል! ቦታውን ስዞር፣ አጠገቡ ማሽላ የሚያርሱት ጋሼ ሰይድ ወረቀቱን ተቀብለው ገለባብጠው አዩትና፣

“ልጄ፣ ውሃው በየት ይለፍ ብለህ ነው?” አሉኝ።

“የምን ውሃ ጋሼ? ድንጋይ ብቻ እኮ ነው።”

እጄን ይዘው ፈፋው ውስጥ ወደበቀለ ግራር ወሰዱኝ። ከራሴ ከፍ ብሎ፣ ቅርንጫፉ ላይ ደረቅ ገለባና የተቀደደ ማዳበሪያ ተጠምጥሟል።

“ይህን ሰው የሰቀለው መሰለህ? ጎርፉ ይህን ያመጣ ቀን እዚህ ጠራራ ፀሐይ ነበር። የዘነበው ደጋ ነው። ወላሂ፣ በሬዎቼን ፈትቼ እንኳ ሳልጨርስ ደረሰብኝ።”

ወንበሮቹን አሰብኳቸው፤ ቀጥሎ የሚቀመጡባቸውን ተማሪዎች።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ንድፌን ዘረጋሁና እኔው ራሴ ተቃወምኩት። “ተሳስቻለሁ። ፈፋው ባለበት ይቆይ፤ ዳርና ዳሩን በድንጋይ እንካበው፣ መሻገሪያ ድልድይ እንሥራለት” አልኩ።

“በዩኒቨርሲቲ መሀል ገደል?” አሉ ሰብሳቢው። ከብዙ ክርክር በኋላ፣ ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ፈረሙ።

ግቢው ተሠርቶ ተማሪ ከገባ በኋላ ሁለት ክረምት በፈፋው ጠብታ ውሃ አልወረደበትም። መምህሩም ተማሪውም ፈፋውን በእኔ ስም እየጠራ ይስቅ ጀመር። ይመጣል ብዬ የፈራሁትን ጎርፍ፣ አሁን ደግሞ ይቀር ይሆን ብዬ እፈራ ጀመር። ለሰው አገር ጎርፍ መመኘት ምን ዓይነት ነውር ነው? እንቅልፍ አጣሁ።

በሦስተኛው ክረምት ጋሼ ሰይድ ደወሉልኝ። ከድምፃቸው ጀርባ የሚያጓራ ነገር ይሰማል።

“መጣ! እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ፣ በመንገዱ አለፈ። አልሐምዱሊላህ!”

ወዲያው ለሰብሳቢው ደወልኩ። ጎርፍ መምጣቱን ስነግራቸው ደነገጡ።

“የተጎዳ ሰው አለ?”

“የለም።”

“ሕንፃስ?”

“ምንም አልሆነም።”

“ታዲያ” አሉኝ ተንፈስ ብለው፣ “ምን ተፈጠረ ብለህ ነው የደወልከው?”