ድንጋዩን ያስነሣሁት እኔ ነኝ

ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ አጨበጨበልኝ። እኔ ደግሞ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እያልኩ ነበር!

አትሳቁ። ጨርሳችሁ አንብቡና ከዚያ ትስቃላችሁ። ከቻላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰፈር "የኮተቤ መንገድ ዳር ሱቆችን እንዴት እናነቃቃ" የሚል ስብሰባ ነበር። እኔም ነባር ነዋሪ ተብዬ ተጋበዝኩ። የታሸገ ውኃው፣ ብስኩቱ፣ ማይኩ፣ ስክሪኑ፣ ምኑ ቅጡ! ታዲያ አንድ ወጣት ተነሥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጋሽ ታደሰ በሃምሳዎቹ ዓመታት የዚህን አካባቢ የመጀመሪያውን የገበያ ማስዋብ ፕሮጀክት ያቀዱ ባለ ራዕይ ናቸው!"

ባለ ራዕይ። እኔ።

ከዚያ ማይኩን ሰጡኝና "እስቲ አንድ ምክር" አሉኝ። "አመሰግናለሁ" ብዬ ቁጭ አልኩ። "እንዴት ያሉ ትሑት ናቸው!" ተባለና ጭብጨባው እንደገና ቀለጠ።

ትሑት አይደለሁም። የምለው አጥቼ ነው። ስለዚህ ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን እዚህ ልዘርግፈው። በሰማንያ ምናምን ዓመቴ ፌስቡክ ላይ ንስሐ መግባት ምን ይባላል? በሉ፣ እናንተው ስም አውጡለት።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከንግድ ትምህርት ቤት ወጥቼ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የሰፈር ማስዋቢያ ክፍል ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ሱፍ ነበረኝ። አንድ ክራቫትም ነበረኝ። ትዕቢቴን ግን ሦስት ሰው አይሸከመውም ነበር።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እትዬ አስካለ። እኔ እቴቴ ነው የምላት። ከእንጦጦ ጋራ ሥር፣ መንገዱ ወደ ኮተቤ በሚታጠፍበት ላይ፣ ከተደረደሩት ሱቆች አንዷ የእሷ ነበረች። ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ነጭ ጋዝ፣ መርፌና ክር ትሸጥ ነበር። ከሱቋ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ነው ያደግኩት። ፊደል ሳትቆጥር እኔን ያስተማረችኝ በዚያች ሱቅ ነው።

ከሱቆቹ ፊት ለፊት ወገብ የሚደርስ ረጅም የድንጋይ ካብ ነበር። ማን እንደካበው የሚያውቅ የለም። ላዩ ከመታሸት ብዛት ልሞ ነበር። ሰፈሩ ራሱ "ድንጋዩ ጋ" ነበር የሚባለው።

አሁን ልብ በሉ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ከጋራው እንጨትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ነበሩ። እንጨት የተሸከመች ሴት መንገድ ላይ አትቀመጥም። ከተቀመጠች የሚያነሣት ሰው ያስፈልጋታልና። ስለዚህ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ጀርባዋን ታዞርና ሸክሙን ካቡ ላይ ታሳርፋለች። ገመዱ ደረቷ ላይ እንዳለ ቆማ ትተነፍሳለች። ገዢም እዚያው ይመጣል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል። ካልተሸጠላት አንድ እርምጃ ወደፊት ነው፤ ሸክሟ ጀርባዋ ላይ ነው፣ ትሄዳለች። ከተሸጠላት ደግሞ ዞር ብላ ከሱቆቹ ጨውና ጋዟን ገዝታ ወደ ጋራው ትመለሳለች።

የሱቆቹ እንጀራ ያ ድንጋይ ነበር።

እኔ ይኼን በየቀኑ እያየሁ ነው ያደግኩት። በየቀኑ!

ታዲያ ኃላፊያችን ግራዝማች አንድ ቀን ጠሩኝና "ይኼ የሱቅ መደዳ አርጅቷል፤ ገበያው እንዲደምቅ አንድ ጥናት አቅርብ" አሉኝ። እኔም አንድ የውጭ መጽሔት ላይ ያየሁት ፎቶ ነበረኝ። አበባ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ባለ ባርኔጣ ሰዎች። ጥናቱን በሦስት ቀን ጨረስኩ። አንድም ሰው አልጠየቅኩም። የተማረ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ስለ ካቡ የጻፍኩትን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፦ "ያለ አገልግሎት የተከመረው አሮጌ ድንጋይ ተነሥቶ በምትኩ የአበባ መደብና ዝቅ ያለ የሲሚንቶ መቀመጫ ይሠራ።"

ያለ አገልግሎት!

ግራዝማች እጄን ጨበጡኝ። በዚያ ሳምንት እጄን መታጠብ አልፈለግኩም ነበር።

ለእቴቴ ስነግራት የጨው ጆንያ እየሰፋች ነበር። መርፌውን ያዝ አደረገችና "ታዴ፣ ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፤ ድንጋዩን ግን ተዉት" አለችኝ።

"እቴቴ፣ ይኼ የዘመናዊ ከተማ ጉዳይ ነው። አንቺ አይገባሽም።"

ይኼን አልኳት። በእሷ የጨው ሳንቲም ተምሬ።

እሷ ግን አልተቆጣችም። ይባስ ብሎ ባለሱቆቹ ተሰብስበው አቤት ሊሉ ሲነሡ የከለከለቻቸው እሷ ናት። "ልጄ የተማረ ነው፤ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው" ብላ ለመነቻቸው። ስለ እሷ ብለው ተዉት። ወረቀታቸውንም እዚያው ቀደዱት።

አያችሁ አይደል? በኔ ማመኗን ለሰው ሁሉ ዋስ አድርጋ ሰጠች።

ካቡ በሁለት ቀን ተነሣ። ግድግዳዎቹ ኖራ ተቀቡ፣ በሮቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆኑ፣ አበባ ተተከለ። ዝቅ ያለው መቀመጫም ተሠራ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር! ፎቶ ለማንሣት የሚሆን ነገር ነበር። ያኔ ኢንስታግራም ቢኖር አበቃልኝ።

የምረቃው ቀን ሪባን ተወጥሮ፣ ግራዝማች መቀስ ይዘው፣ እኔ አጠገባቸው ሱፌን ለብሼ ቆሜያለሁ።

ያኔ ጫልቱ መጣች።

ጫልቱ ከጋራው በየቀኑ የምትወርድ፣ የእቴቴ የረጅም ዘመን ደንበኛ ናት። አንገቷን ደፍታ፣ እሷን ሁለት የሚያህል ቅጠል ተሸክማ፣ ዓይኗ መሬት መሬት እያየ መጣች። ቦታውን እግሯ ያውቀዋል። እንደ ልማዷ ጀርባዋን አዞረችና ወደ ኋላ ዘንበል አለች።

ድንጋዩ የለም።

ተንገዳግዳ ወደ ኋላ ሄዳ እዚያ የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ዘጭ አለች። ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደረሰ። ልትነሣ ሞከረች፤ አልሆነም። እንደገና ሞከረች። እንግዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። አዎ፣ ሳቅኩ።

ቀና ስትል አየችኝ። ፊቷ በራ!

"ታዴ! እንኳን አገኘሁህ። ና እስቲ፣ ብድግ አድርገኝ።"

ግራዝማች ዞረው አዩኝ።

ሁለት እርምጃ ነበር። ብድግ አድርጌያት ብመለስ ሁሉም ያልቅ ነበር። ግን ሱፌ! ክራቫቴ! ደግሞስ የማስዋቢያ ክፍል ጸሐፊ ቅጠል ተሸካሚ ሲያነሣ? ለዘበኛው በዓይኔ ጠቀስኩት። ዘበኛው ማንሣት አልሆንለት ሲለው ገመዱን በጩቤ በጠሰው። ቅጠሉ ሪባኑ ሥር ተበተነ። ጫልቱም በግንባሯ ተደፋች።

የዚያን ጊዜ ከሱቋ የወጣችው እቴቴ ብቻ ነበረች። በጉልበቷ ተንበርክካ ቅጠሉን ለቀመች፤ ገመዱን ቋጠረች፤ ጫልቱን ደግፋ አሸከመቻት። በኦሮምኛ አንድ ነገር አለቻት። እንግዶቹ አልገባቸውም። እኔ ገብቶኛል፤ እዚያ አድጌ ኦሮምኛ አለመስማት አይቻልም።

"ይቅር በይው፤ ልጅ ነው" ነበር ያለቻት።

አዎ፣ አውቃለሁ፤ "ጋሼ፣ ይሄማ ግልጽ ነበር እኮ" የሚል ኮሜንት እየጻፋችሁ ነው። ጻፉ፣ ጻፉ። ሲሠራ ግልጽ የሆነለት ሰው አንድም አልነበረም፤ ከአንዲት ፊደል ካልቆጠረች ሴት በቀር።

ከዚያማ ምን ይሆናል? ሴቶቹ መምጣት ተዉ። ማረፊያ ከሌለበት ምን ያቆማቸዋል? ሸክማቸውን እንደተሸከሙ አልፈው ወሰን የሚባለው ሰፈር አካባቢ አንድ የድልድይ ግንብ አገኙና እዚያ ማሳረፍ ጀመሩ። እንጨት ገዢውም ተከተላቸው። ጨው ሻጩም ተከተላቸው። የኛ ሰፈር አበባውን ይዞ ቀረ።

አበባው እንኳ ብዙ አልቆየም። ፍየል በላው።

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ጭኖ ሄደ። ቀጥሎ ሥጋ ሻጩ ሄደ። አረንጓዴዎቹ በሮች አንድ በአንድ ተዘጉ። የቀሩት ባለሱቆች እቴቴን ሰላም ማለት ተዉ። "የተማረው ልጅሽ ደኅና ነው?" ይሏት ነበር፤ ሰላምታው ይኼ ብቻ ሆነ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው ግን እኔን ዘሎ እሷን ነው የመከራት።

እኔስ? የእድገት ደብዳቤ ደረሰኝ! ሪፖርቴ ላይ "በመንገዱ ዳር ሸክም ማራገፍ ሙሉ በሙሉ ቀርቷል" ብዬ ነበራ። ውሸት አለበት? የለበትም።

ካቡ ተመልሶ እንዲሠራ የሚጠይቅ ማመልከቻም ጽፌ ነበር። እውነቴን ነው። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩት። ግን ካቡን ያስነሣው ጥናት ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው፤ ስሕተቴን በገዛ እጄ ለግራዝማች ማስረከብ ሆነብኝ። ዛሬ እሰጣለሁ፣ ነገ እሰጣለሁ ስል ኪሴ ውስጥ አልቆ ተበጣጠሰ።

የእቴቴ ሱቅ ከክረምቱ በኋላ ተዘጋ። የጨው ጆንያዋን አጣጥፋ ከአልጋ ሥር ከተተችው። ከደሞዜ ስሰጣት "ይኼን ሚስት አግባበት" እያለች ትመልስልኛለች። ጠዋት ጠዋት እየወጣች "ዘመድ ልጠይቅ ነው" ትለኛለች። ይኼ ሁሉ ዘመድ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። እጇ ተቧጭሮ፣ ነጠላዋ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሲሸት አልጠየቅኩም። አውቅ ነበር ማለት ነው። ሰው የሚያውቀውን ነገር አይደል የማይጠይቀው?

አንድ ቀን ከግራዝማችና ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የወሰንን መንገድ ለማየት ወጣን። ሌላ ማስዋብ ታስቦ ነበር። (አዎ፣ ሌላ!) ከፊታችን ሴቶች በሰልፍ ይመጣሉ፤ ሁሉም አጎንብሰዋል።

ሦስተኛዋ እቴቴ ናት።

ከሸክሙ በታች ፊቷ ብቻ ይታያል። የአንገቷ ሥር ተገትሯል። ስሜን ልትጠራ አፏን ከፈት አድርጋ ግራዝማችን ስታይ መልሳ ገጠመችው። ጠርታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ግራዝማች ግን ዓይናቸው ሹል ነው። "ይቺ ሴትዮ ታውቅሃለች እንዴ?" አሉኝ።

"የለም ጌታዬ። ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባት ይሆናል።"

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። በሦስት ክንድ ርቀት ላይ ነበረች። አልቆመችም። የተሸከመች ሰው እንዴት ብላ ትቆማለች?

ማታ ቤት ስገባ ራት አቅርባ ትጠብቀኛለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወጡን ወደ እኔ በኩል እያወጣች "ዛሬ መንገድ ላይ አንድ ሰው አየሁ" አለችኝ። "ቁርጥ አንተን ይመስላል። ልጠራው ሁሉ ነበር።"

"ከዚያስ?" አልኳት።

"አንተ አይደለህም" አለችኝ። "በል ብላ።"

በላሁ። እንዴት እንደበላሁ አላውቅም፣ ግን በላሁ። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ከጠየቅኩ ሰውየው እኔ ልሆን ነው፤ እሷ ደግሞ አይደለህም ብላኛለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያንን ጋራ ወጣች፣ ወረደች፤ ከዚያ ወገቧ እምቢ አለ፤ ከዚያ አልጋ ላይ ዋለች፤ ከዚያ ቀበርኳት። በቀብሯ ላይ ጫልቱና እንጨት ተሸካሚዎቹ አለቀሱ። ከመሥሪያ ቤቴ ማንም አልመጣም፤ ማን እንደሞተብኝ አልነገርኳቸውም ነበር።

ዛሬ ስብሰባው ሲያልቅ ያ ወጣት ስክሪኑ ላይ አንድ አሮጌ ፎቶ አወጣ። የምረቃው ቀን ነው። ሪባኑ፣ ግራዝማች፣ እኔ በሱፌ። ጥግ ላይ መሬት ተንበርክካ ቅጠል የምትለቅም ሴት አለች። "ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት? ያውቋታል?" አለኝ።

አዳራሹ መልሴን ጠበቀ። እኔም ዓይኔ ደክሟል፣ አይታየኝም አልኩት።

ደገምኩት! በዚህ ዕድሜዬ፣ ግራዝማች በሌሉበት፣ ማንም ምንም በማይቀንስብኝ ቀን!

እና አሁን ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ፣ በአንድ ጣት እየለቀምኩ ይኼን እጽፋለሁ። አውቃታለሁ። አክስቴ ናት።

ይኼን ለመናገር ስልሳ ዓመት የፈጀበትን ሽማግሌ ነው እንግዲህ ሰዎቹ ሰፈር ስለ ማነቃቃት ምክር የጠየቁት። በሚቀጥለው ሳምንትም ና ብለውኛል። እስቲ ንገሩኝ፣ በየትኛው ፊቴ ልሂድ?