በልጄ እግር ይቅር ያሉት ሊቀመንበር

ይቅር ባይነት ከጸጋ ሁሉ የሚበልጥ ጸጋ ነው። እግዜር ለሁሉም አያድለውም፤ መርጦ ነው የሚሰጠው። ለእኛ ቀበሌ መርጦ የሰጠው ለሊቀመንበራችን ለአቶ እሸቴ ነው። አቶ እሸቴ በራሳቸው ላይ የተደረገውንማ ማንም ተራ ሰው ይቅር ይላል ብለው ንቀው ትተውታል፤ የጎረቤት ዶሮ ጓሯቸውን ብትጭር ፖሊስ ይጠራሉ። እርሳቸው ይቅር የሚሉት ትልልቁን፣ በሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ነው። የልጄን የእየሩስን እግር ይቅር ያሉት እርሳቸው ናቸው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሰው ግን ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ እንደ አቶ እሸቴ ያለ አንድም አላጋጠመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አድነው የሚባል፣ እዚሁ ሶዶ ያደገ ሰው፣ የት ሄዶ ማን እንዳስተማረው እንጃ፣ አንድ የገበያ ቀን መናኸሪያው በር ላይ ቦምብ ወረወረ። ከሁምቦ ፍየል ሊሸጥ የመጣ ሰው እዚያው ቀረ። እየሩስ አቮካዶዋን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ኦቶና ሆስፒታል ወስደናት ነፍሷን አተረፉልኝ፤ ቀኝ እግሯ ግን ከጉልበቷ በታች የለም። አድነው ለምን እንዳደረገው ፍርድ ቤት ተነብቧል። እኔም ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ስለ አገር ብዙ ነገር ይላል፤ ስለ አቮካዶ ግን ምንም አይልም።

ያን ጊዜ አቶ እሸቴን በቁጣ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ሰልፍ አስወጡን። ልጄ ገና ከአልጋ ሳትነሳ ፎቶዋን በትልቅ ጨርቅ ላይ አሠርተው ፊት ፊት አስያዙት። ፎቶው የቆየ ስለነበር ሁለቱም እግሮቿ አሉ። «ሞት ይፈረድበት፤ ለአሸባሪ ይህች ምድር ቦታ የላትም» ብለው በድምፅ ማጉያ ተናገሩ። ፍርድ ቤቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሲፈርድ «አነሰ» ብለው ደረታቸውን መቱ። የኔን ደረት እንኳ ያን ያህል አልመታሁትም።

አራት ዓመት አለፈ። ለአዲስ ዓመት ይቅርታ ከሚደረግላቸው እስረኞች አንዱ አድነው ነው የሚል ወሬ መጣ። ይቅርታው እንዲጸና የተበደለው ሕዝብ ይቅር ማለቱን ቀበሌው ማረጋገጥ ነበረበት። ሕዝብን መጠየቅ ደግሞ የሕዝብን ጊዜ መፍጀት ነው፤ አቶ እሸቴ ለሕዝብ ጊዜ የሚሳሱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ካቢኔያቸውን ሰበሰቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ሕዝቡ ይቅር ማለቱን በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ሻይ ያስገባችላቸው ሴት እንደነገረችኝ፣ አንዱ የካቢኔ አባል ትንሽ አንገራግሮ ነበር።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል እኮ» አለ።

«እሱ ያለፉት ሥርዓቶች አስተሳሰብ ነው» አሉ አቶ እሸቴ።

ተረቱም በዚያው ስብሰባ ተሻሻለ። የወጋ ከረሳ የተወጋም ይርሳ ተባለ። ይህ ሁሉ ዘመን ሲተረት ኖሮ እንዲህ የሚያርመው ሰው አለማግኘቱ ያሳዝናል።

አድነው ጊፋታ፣ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሲቃረብ መጣ። ከሚኒባሱ የወረደው እዚያው መናኸሪያ በር ላይ ነው፤ ሌላ መውረጃ የለማ። እየሩስ አቮካዶዋ ፊት ተቀምጣ አየችው። አልጮኸችም። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የእንጨት እግሯን ሸፈነችው። እሷ ናት እንግዲህ ያፈረችው።

እኔ ከተቆጣሁ ያን ጊዜ ተቆጣሁ። ገበያውም ተቆጣ። ሻጮቹ ጉሊታቸውን አጥፈው፣ ባለባጃጆቹ ሥራ አቁመው፣ የሟቹ ወንድሞች ከሁምቦ በእግራቸው ወጥተው፣ ሁላችን ቀበሌው በር ላይ ተሰበሰብን። አቶ እሸቴ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቁጣ ነው» አልኳቸው።

«ማን ፈቀደው?»

«የልጄ እግር።»

«ስሚ፣ የእየሩስ እናት። መንግሥት ቁጣን አይከለክልም፤ እንዲያውም ይደግፋል። የናንተ ቁጣ ግን አደረጃጀት የለውም። ዝም ብሎ የፈሰሰ ቁጣ ነው። ቁጣ በአንድ ለአምስት መግባት አለበት።»

ገባ። ከየአምስቱ ሰው አንድ ቁጡ ተመረጠ፤ አራቱ ቤታቸው ሆነው በእሱ በኩል እንዲቆጡ አቅጣጫ ተቀመጠ። ከእኛ አምስት የተመረጠችው ጎረቤቴ ሽታዬ ናት። ሽታዬ እንኳን ሰው ላይ፣ እሳት አልነድ ሲላት እንኳ ተቆጥታ አታውቅም። ለዚህ ነው የተመረጠችው።

ከዚያ በአዳራሹ የቁጣ መድረክ ተዘጋጀ። ቁጡዎቹ ፊት ተቀመጡ፤ ያልተመረጥነውም እንዳንናገር ተነግሮን ከኋላ ገባን። መርሐ ግብሩ ሲነበብ የመክፈቻ ንግግር፣ ቁጣ፣ የሻይ ዕረፍት፣ የመዝጊያ ንግግር ይላል። ቁጣው ከሻይ በፊት እንዲያልቅ የተደረገው ዳቦው እንዳይቀዘቅዝ ታስቦ ነው። እንዲህ የሚያስብልን መሪ አለን።

«የተከበራችሁ ነዋሪዎች» አሉ አቶ እሸቴ። «በቅድሚያ ገንቢ ቁጣንና አፍራሽ ቁጣን ለይተን ማየት ይኖርብናል። ገንቢ ቁጣ ከተቆጡ በኋላ የሚያመሰግኑበት ነው። ታራሚው ታርሟል። ሕዝቡም ይቅር ብሏል። ይህ ለሌሎች ቀበሌዎች በምርጥ ተሞክሮነት እየተቀመረ ነው።»

ሽታዬ እጇን አውጥታ «እኔ እንግዲህ ተቆጥቻለሁ፣ ይቅርታ» ብላ ተቀመጠች። ሌሎቹም እንዲሁ ሊሉ ተራ ሲጠብቁ፣ እየሩስ ከኋላ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች።

«አቶ እሸቴ፣ ማነው ይቅር ያለው?»

«ሕዝቡ።»

«እኔስ?»

«አንቺ ተጎጂ ነሽ፣ እየሩስ። ተጎጂ ሌላ፣ ሕዝብ ሌላ ነው። ተጎጂ ስሜት አለበት። ሕዝቡ ግን ሰከን ብሎ ያያል።»

«ሕዝቡ የታለ?»

አቶ እሸቴ መልስ አላጡም። ደረታቸውን ነካ አደረጉ።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለውን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብዬ አየሁ። ልጄ ልትቀመጥ ስትል አቶ ኤርካሎ ትከሻዋን ይዘው ተነሱ። አቶ ኤርካሎ በየዓመቱ ጊፋታ ሳይገባ የተጣላውን ሁሉ እየዞሩ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ ቀዬ ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው፤ አስታርቀው የማይጨርሱት ነገር ካለ ለብቻው ቆሞ ይከርማል እንጂ አይደባበስም።

«ልጄ እሸቴ» አሉ አቶ ኤርካሎ፣ «እኔ ጆሮዬ ይከብዳል። ይቅር ብያለሁ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«በሙሉ ልብህ?»

«በሙሉ ልብ፣ በሙሉ ድምፅ።»

«ሰው ሁሉ ሰምቷል?»

ሰምተናል አልን።

«ተመስገን። እንግዲህ ሥርዓቱን አንተም ታውቀዋለህ። በዳይ ከአጥር ውጭ ይቆማል። ይቅር ያለው ሰው ራሱ ወጥቶ፣ እጁን ይዞ ያስገባዋል። ጊፋታንም ቤቱ ያከርመዋል፤ የበዓሉን የመጀመሪያ ሥጋ በእጁ ያጎርሰዋል። አድነው እናቱም የለች፣ መግቢያም የለው። ያንተ ቤት ሰፊ ነው።»

አቶ እሸቴ ውኃ ጠጡ።

«ይሄ እንግዲህ፣ አባባ፣ በአቅጣጫ ደረጃ ሲታይ...»

«ወይስ ይቅር አላልክም?»

አላልኩም እንዳይሉ ሪፖርቱ ዞን ደርሷል፣ ተሞክሮው ተቀምሯል። አዳራሹ አጨበጨበ። ካለን ቁጣ ግማሹ በጭብጨባው ወጣልን። ሻዩም መጣ፣ ዳቦው አልቀዘቀዘም።

በማግስቱ አቶ እሸቴ ወጥተው አድነውን በእጃቸው ይዘው አስገቡ። እጁን ሲይዙ በሁለት ጣት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የነገረችኝ ባለቤታቸው ዓመለወርቅ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው።

«የእየሩስ እናት፣ ባሌ ከይቅርታው ወዲህ እንቅልፍ የለውም።»

«ጻድቅ ሰው ሌሊት ይጸልያል» አልኳት።

«አልጋ ሥር ነው እንዴ የሚጸለየው?»

ድስት ክዳን ከወደቀ አቶ እሸቴ አልጋ ሥር ናቸው። እንግዳው ደግሞ ዝም ያለ ሰው ነው፤ እንጨት ይፈልጣል፣ ውኃ ይቀዳል። መጥረቢያ ሲያነሳ አቶ እሸቴ ቢሮ ይሄዳሉ፣ እሑድም ቢሆን። እንደዚያ ሰሞን ቢሮ የዋሉበት ጊዜ የለም። መልካም አስተዳደር የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል ያየነው ያን ጊዜ ነው። ከአረካ ተሞክሮ ሊቀስሙ የመጡ ሰዎችም ይቅር ባዩንና ይቅር የተባለውን ጎን ለጎን አቁመው ፎቶ ሊያነሱ ፈልገው ነበር። አቶ እሸቴ ጎን ለጎን የሚለውን ሰፋ አድርገው ተረድተው፣ ሦስት ሰው መካከል አስገብተው ቆሙ።

በዓሉ ሲደርስ አቶ እሸቴ ማታ ቤቴ መጡ።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ?»

እርስዎ ተባልኩ። ከተሾሙ ጀምሮ አንቺ ነበርኩ። ችግር እንዳለ ያኔ ገባኝ።

«ደህና ነኝ። ምነው በደህና?»

«ቁጣችሁ ምን ደረሰ ብዬ ነው።»

«በአደረጃጀት ገባ እኮ።»

«እንደገና ቢወጣስ? ሕዝቡ አድነውን ካልተቀበለ የበላይ አካል ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ትንሽ ብትቆጡልኝ። እኔ ከነገ ወዲያ ጥሬ ሥጋ በቢላዋ ቆርጬ፣ እጄን አፉ ውስጥ ከትቼ፣ እንዴት ብዬ...»

«ሕዝቡ ማለት እርስዎ አልነበሩም?»

«እኔማ ተቆጥቻለሁ፣ እማማ። ግን አንድ ሰው ሕዝብ ይሆናል?»

ይህን የሚያህል እውቀት ስንት ሥልጠና ገብተው አላገኙትም፤ አልጋ ሥር አገኙት። አለመሆኑን እኔም አምኜላቸው፣ ቁጣ እንዳለን፣ ለሰው ግን እንደማናውሰው ነግሬ ሸኘኋቸው።

በነጋታው፣ የጊፋታ ዋዜማ ጠዋት፣ አድነው ራሱ መጣ። ከአጥር ውጭ ቆመ። እየሩስ ለገበያ አቮካዶ ቅርጫት ውስጥ እየደረደረች ነበር።

«አልገባም» አለ። «ይቅር ተብለሃል ሲሉኝ፣ እሷ ናት ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሕዝቡ ነው አሉኝ። ያንቺን አልነገሩኝም።»

ልጄ አቮካዶ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች።

«እኔ ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«የምልም አይመስለኝም።»

«እሺ።»

«የምል ከሆነ ራሴ አስጠራሃለሁ። ሌላ ሰው በኔ ስም ቢጠራህ አትምጣ።»

«እሺ» ብሎ ሄደ።

ያ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው፤ የምወድለት ነገር የለኝም። የሚቆምበትን ማወቁን ግን አልክድም። ከካቢኔው ሰዎች አንድም ሰው አጥሬ ውጭ ቆሞ ልጄን ጠይቆ አያውቅም።

ረፋዱ ላይ በባጃጅ ድምፅ ማጉያ ተጭኖ ዞረ። ሕዝባዊ የቁጣ ሰልፍ ተጠርቷል። ሰው ግን ዋዜማ ነው፤ ወንዱ ማኅበርተኛውን ይዞ በሬ ሊገዛ ወርዷል፣ ሴቱ ያጠራቀመውን ቅቤ እያነጠረ ነው። በአደባባዩ የተገኙት አቶ እሸቴና ዓመለወርቅ ናቸው። ረጅም የተጻፈበት ጨርቅ ወጥረው ይዘዋል። ጥቂት ቆይቶ ዓመለወርቅ «ቅቤ ጥጄ ነው የመጣሁት» አለችና ጫፏን ጣል አድርጋ ሄደች። ጨርቁ መሬት ሊነካ ሲል አንድ ሰው መጥቶ አነሳው።

አድነው ነው። በይቅርታ የወጣ ሰው ቀበሌው በጠራ ቁጥር እንዲገኝ ታዟል። የታረመ ሰው ስለሆነ ተገኘ። ጫፉን ይዞ ቀጥ አድርጎ ቆመ። አቶ እሸቴ በዚያኛው ጫፍ ክንዳቸው እስኪገነጠል ዘርግተው ራቁት።

ከእየሩስ ጋር ወደ ገበያ ስንወርድ ደረስንባቸው።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ሕዝቡ አሸባሪውን አይቀበልም ይላል።»

አቶ እሸቴ ልጄን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«እየሩስ፣ ነይ እንጂ። ስላንቺ እግር ነው እኮ።»

ልጄ ቆመች። ያን ቀን ነጠላዋን አልሳበችም፤ የእንጨት እግሯ ፀሐይ ላይ ነበር።

«እኔ ተጎጂ ነኝ፣ አቶ እሸቴ። ስሜት አለብኝ» አለች። «ሕዝቡ ይጩኽ።»

ቅርጫቷን አስተካክላ ወደ መናኸሪያው ወረደች። እኔም ተከተልኳት። ከኋላችን ሕዝቡ ድምፅ ማጉያውን አንስቶ ጮኸ።