የተዘጋጀው ሰፈር

የዓለም መዳን በአንዲት ጠባብ ጎዳና፣ በፀጉር ቤቱና በልብስ ስፌቱ መካከል ባለችው ዳገት ላይ መጀመሩን ታሪክ እስካሁን አልመዘገበም። ጥፋቱ የታሪክ ነው። ድርጊቱማ በወቅቱ፣ በተገቢው መንገድና በተገቢው ሰው አማካይነት ለሚመለከተው ክፍል ሪፖርት ተደርጓል።

ተገቢው ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ የሞርሞን ሚሲዮናዊ ነበር። በእነርሱ ሥርዓት በዚህ ዕድሜ ለስብከት የሚላክ ወንድ ልጅ «ሽማግሌ» የሚል ማዕረግ ይሰጠዋል፤ ማዕረጉም በጥቁር ባጅ ላይ ተጽፎ ደረቱ ላይ ይለጠፋል። ሰፈሩ ግን ባጅ የማንበብ ትዕግሥት ስላልነበረው፣ ፀሐይ ቢከርርም ዝናብ ቢዘንብም ከአንገቱ የማትወርደውን ማሰሪያ አይቶ «ከረባቱ» አለው። ከጎኑ የማይጠፋውን ባልደረባውን ደግሞ «ጥላው» አለው። ሁለት ሚሲዮናውያን ከዓይንና ከጆሮ ርቀት እንዳይለያዩ ደንቡ ያዝዛል። ከረባቱም ደንቡን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ ስለነበር፣ ጥላው መጸዳጃ ቤት ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ መዝሙር ያዜምለት ነበር።

የዚህ ወጣት የቀን ውሎ ለትውልድ አርአያ የሚሆን ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ወለሉ ላይ ፑሽ አፕ ይሠራል፤ መጽሐፉን ያጠናል፤ ነጭ ሸሚዙን ይተኩሳል፤ ጥላውን ስለ ስንፍና ይገሥጻል፤ ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋ ዳገቱን ይወጣል። ሻይና ቡና አይቀምስም። ቴሌቪዥን አያይም። ወላጆቹን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በስልክ ያገኛል። በዚያችም ቀን አባቱ በስልኩ መስታወት ብቅ ብሎ እንደምን አደርክ ሳይል ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀዋል።

«እሺ ልጄ፣ ስንት ሰው አጠመቅህ?»

አባቱ በወጣትነቱ ሌላ አገር ሲያገለግል አንድ መንደር ሙሉ ሰው ወንዝ ውስጥ አጥምቋል። ታሪኩ በቤታቸው በየእራቱ ይነገራል፤ ወንዙም በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል። ከረባቱ ግን የአገልግሎት ዘመኑ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ገና የማንንም ጣት ውሃ አላስነካም ነበር። የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ አንድ ሰው ነው። ያለዚያ አንድ ሰው በአባቱ ገበታ ቢቀመጥ ሾርባ ከጉሮሮው እንደማይወርድለት ያውቀዋል፤ ይህ ሐሳብ ሌት ተቀን ይበላው ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰፈሩ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰፈር ነበር። ሲያንኳኩ «ባለቤቱ የለም» ይላል ባለቤቱ ራሱ። «ነገ ኑ» ይባላሉ፤ ነገ ሲመጡ በሩ ተቆልፎ ይጠብቃቸዋል። ጡረተኛው መምህርማ ከበሩ ጀርባ ቆመው «ቤት ውስጥ ሰው የለም!» እያሉ ክፍል ሙሉ ተማሪ በሚሰማው ድምፅ ያስታውቁ ነበር። ከረባቱ ይህን ሁሉ «ለሌላ ጊዜ የተላለፉ ቀጠሮዎች» እያለ ለተልእኮው ኃላፊ ያቀርባል። ኃላፊውም ይረካሉ።

ነገሩ የተለወጠው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናብ ሲያባርራቸው ሁለቱም ልብስ ስፌቱ ቤት ዘለው ገቡ። ልብስ ሰፊዋ ደልደል ያለች፣ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች ሴት ናት። በዝናብ የራሱትን ልጆች አየቻቸውና የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ተቀመጡ እስቲ። ሻይ ላፍላላችሁ?»

«እናመሰግናለን እትዬ። ሻይ አንጠጣም» አለ ከረባቱ ተጠንቅቆ ባጠናው ቋንቋ።

«እሺ፣ ቡና?»

«ቡናም አንጠጣም። ሙቅ ውሃ ቢሰጡን ደስታችን ነው።»

መቀሷን አስቀመጠች።

«እናትህ በሕይወት አለች?»

«አለች፣ እትዬ። ከመጣሁ ወዲህ ግን አላየኋትም። በሳምንት አንዴ በስልክ እናወራለን።»

«ሲኒማ ትገባላችሁ?»

«አልተፈቀደም።»

«የሴት ጓደኛስ?»

«እሷም አልተፈቀደችም።» እዚህ ላይ ጥላው በረዥሙ ተነፈሰ።

ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለመሆኑ ምን አጥፍታችሁ ነው?»

ከረባቱ ቀና ብሎ ተቀመጠ። በማሠልጠኛው፣ ሰው ስለ ጥፋት መጠየቅ ከጀመረ ልቡ እየተከፈተ ነው ተብሎ ተምሯል። ወዲያው መጽሐፉን አወጣና ከአዳም ጀምሮ የሰው ልጅ ያጠፋውን ሁሉ ዘረዘረላት። እሷም ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችው። ሲጨርስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«በቃ፣ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣህ ተናገር፤ እሰማሃለሁ» አለችው።

ዳገቱን ሲወርዱ ጥላው ፈራ ተባ እያለ አፉን ከፈተ። «ለእኔ ግን ያለቀሰችው ለእኛ አዝና መሰለኝ።»

«አንተ መንፈሳዊ ዓይን የለህም» አለ ከረባቱ፤ እቤት እስኪደርሱም ስለ ስንፍና ገሠጸው።

ከዚያች ሳምንት ጀምሮ ሰፈሩ ተአምር ሆነ። ጡረተኛው መምህር በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን አመኑ። ፀጉር አስተካካዩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ እንዳይለያዩም እኩል እየቆረጠ፣ «በል ተናገር፣ እየሰማሁህ ነው» ይል ጀመር። በገቡበት ቤት ሁሉ ሳይጠይቁ ሙቅ ውሃ ይቀርብላቸዋል። ከረባቱ ሲናገር ሰዉ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ይተክዛል፣ አንዳንዱም ከንፈሩን ይመጥጣል። እንዲህ ያለ አድማጭ ያገኘ ሰባኪ ከዚያ በፊት መኖሩ ያጠራጥራል።

«ክቡር ኃላፊ፣» አለ ከረባቱ በስልክ፣ «በተመደብኩበት መስክ የበር አከፋፈት ሁኔታ መሠረታዊ መሻሻል አሳይቷል።»

«አብራራ።»

«አንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይመራናል። ትናንት ፀጉር ቤቱ ስንደርስ ባለቤቱ ‹ዛሬ የመምህሩ ቀን ነው፤ ሂዱ፣ እየጠበቋችሁ ነው› አለን።»

«‹የመምህሩ ቀን› ነው ያለው? በእነዚህ ቃላት?»

«በእነዚህ ቃላት።»

«ልጄ፣ ይህ እኮ ትንቢት ነው!» አሉ ኃላፊው። እሳቸው ሰው ላልደረሰበት ነገር ስም በማውጣት የታወቁ ናቸውና ሰፈሩን እዚያው «የተዘጋጀ ሰፈር» ብለው ሰየሙት። ስያሜውም ከእሳቸው በላይ ላሉት፣ ከእነሱም በላይ ላሉት ተላለፈ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥምቀቶች በኃላፊው ፊት እንዲፈጸሙም ተወሰነ። ሰፈሩን ግን የጠየቀው አልነበረም። የተዘጋጀ ሰፈር ምን ይጠየቃል?

ዝግጅቱ ተጧጧፈ። አዳራሽ ስለጠፋ የመዋዕለ ሕፃናቱ ክፍል ተገኘ፤ መጠመቂያ ስለጠፋም የሕፃናቱ መዋኛ፣ ቢጫ ዳክዬዎች የተሣሉበት በአየር የሚነፋ ገንዳ ተገኘ። ጥላው ጉንጩ እስኪያብጥ ነፋው። ከረባቱ ደግሞ ነጭ ጨርቅ ይዞ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄደ።

«ለጥምቀት የሚሆን ልብስ ነው፣ እትዬ።»

«በማን ልክ ልስፋው?»

ከረባቱ ፊቱ ቀላ። ያቺ አንድ ሰው እሷ መሆኗን ከወሰነ ቆይቷል፤ አፍ አውጥቶ መንገር ግን አቃተው። «በእርስዎ ልክ» አለ።

«እሺ፣ እንደኔ ደልደል ያለች ሴት ናት ማለት ነው» አለችና መለኪያዋን ወገቧ ላይ ጠመጠመች። ከረባቱ ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ እሺታ እንደማይኖር ተረዳ፤ የዚያን ቀን ዳገቱን የወረደው እየዘመረ ነው።

በጥምቀቱ ዕለት፣ ማክሰኞ፣ ሰፈሩ በከረባቱ ጥሪ ልብሱን ቀይሮ መጣ። ሰዉ በልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች ላይ እንደ ምንም ተሸጎጠ። ኃላፊውም ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ከፊት ተቀመጡ፤ ለንግግር ሲነሡ ወንበሩ አብሯቸው ተነሣ። ጥላው ከኋላ ሆኖ ሳበላቸው።

«የተከበራችሁ የተዘጋጀው ሰፈር ነዋሪዎች!» አሉ ኃላፊው። «ዛሬ የምናየው ውጤት በአጋጣሚ የተገኘ ሳይሆን የተቀናጀ፣ የተናበበና ግቡን የለየ ጥረት ፍሬ ነው። እነሆ ገንዳው! እነሆ ውሃው! የመጀመሪያው ማን ነው?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ቀስ በቀስም ዓይን ሁሉ ፀጉር አስተካካዩ ላይ አረፈ። እሱ ደግሞ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ከረባቱ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

«የምን ሰዓት?»

«የእርስዎ። ልብሱ እኮ የእርስዎ ነው።»

«የኔ? ኧረ የኔ ቀን ሐሙስ ነው! ዛሬ ማክሰኞ አይደል? የፀጉር አስተካካዩ ተራ ነው!»

«የምን ተራ ነው?» አሉ ኃላፊው።

ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ጋር ታግሎ ተነሣ። «ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጌታዬ። እትዬ ሰበሰበችንና ‹እነዚህ ልጆች እናት አጠገባቸው የለች፣ ሻይ የላቸው፣ ጨዋታ የላቸው፤ የሚሰማቸው ሰው አጥተው በፀሐይ በዝናብ ይንከራተታሉ። የሰው ልጅ ናቸው፣ አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይጠየቃል?› አለች። እኛም በየቀኑ አንድ ቤት ይስማቸው ተባባልን። ለኔ ማክሰኞ ደረሰኝ።»

«ትምህርቱስ? ትምህርቱን እንዴት አገኘኸው?»

«ትምህርቱማ ጥሩ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ አሰብ አድርጎ። «ማለቴ፣ ልጁ ሲናገር ደስ ይለዋል።»

ከረባቱ ቅስሙ ስብር አለ። ወደ ጥላው ዞረ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«አዎ። አንተ ስታወራ እኔ እሰማቸው ነበር» አለ ጥላው። «ልነግርህ ስሞክር ስለ ስንፍና ትገሥጸኛለህ።»

ልብስ ሰፊዋ የልጁን ፊት አየችና አንጀቷ አልቻለም። ነጩን ልብስ ከወንበሩ ላይ አነሣች። «በቃ፣ አታልቅስ። እንደነገርከኝ አባትህ የሚቆጣህ ከሆነ እኔ እገባልሃለሁ። ብቻ ውሃውን ሞቅ አድርጉት፤ ወገቤን ያመኛል።»

«ሃሌ ሉያ!» አሉ ኃላፊው፤ ፎቶ አንሺ ፍለጋም ዞሩ።

ከረባቱ ገንዳውን አየ። ዳክዬዎቹን አየ። አባቱን፣ ሾርባውን፣ ያንን በየዓመቱ የሚሰፋ ወንዝ አሰበ። አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የቀረው።

«እትዬ፣» አለ በቀጭን ድምፅ፣ «ያምናሉ?»

«በምኑ?»

«ባስተማርኩዎት።»

«በአንተ አምናለሁ፣ ልጄ። ጎበዝ ልጅ ነህ።»

ከረባቱ ልብሱን ከእጇ ተቀበለና አጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠው። «አይግቡ፣ እትዬ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው» አለ። በአገልግሎት ዘመኑ የተናገረው ከልቡ የወጣ ቃል ይህ ብቻ ይመስለኛል፤ ስለዚህም በየትኛውም ሪፖርት አልተካተተም።

ኃላፊው ግን የሚደነግጡ ሰው አይደሉም። የሰፈሩ ዝና ወደ ላይ ሄዷል፤ ወደ ላይ የሄደ ነገር ደግሞ ወደ ታች ተመልሶ አያውቅም። ስለዚህ እንደገና ተነሡ፤ ወንበሩም እንደገና አብሯቸው ተነሣ። በዕለቱ የታየው «ጊዜያዊ የአተረጓጎም ልዩነት» መሆኑን፣ ሰፈሩ ባይጠመቅም በማዳመጥ ረገድ ወደር እንደማይገኝለት አብራሩ። ይህንን ውጤት ያስመዘገበው ወጣትም ልምዱን እንዲያስፋፋ ከነባልደረባው ወደ ሌላ ከተማ በዕድገት መዛወሩን አበሠሩ። ሰፈሩ ከልቡ አጨበጨበ፤ ፀጉር አስተካካዩ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

ሐሙስ ዕለት ከረባቱ ሊሰናበት ልብስ ስፌቱ ቤት ሄደ። መጽሐፉን አላወጣም። ልብስ ሰፊዋ ነጩን ልብስ ፈትታ ሸሚዝ አድርጋ ሰፍታለት ነበር፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፋ ይላል።

«እዚያ የምትሄድበት እህቴ አለች» አለችው አዝራሩን እየቆለፈችለት። «ደግ ሴት ናት፤ ሰው የለኝም ብለህ አትስጋ።»

አዲሱ ከተማ በደረሱ በማግሥቱ ከረባቱ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጥላውን አስከትሎ ወጣ። ፊቱ ገርጥቷል። የመጀመሪያው በር ላይ ቆሞ ሊያንኳኳ እጁን አነሣ፤ እጁ ገና አየር ላይ እንዳለ በሩ ተከፈተ። ደልደል ያለች ሴት ብቅ አለች፤ በእጇ ሙቅ ውሃ የያዙ ሁለት ብርጭቆዎች አሉ።

«ግቡ፣ ግቡ። እህቴ ደውላ ነግራኛለች። የኔ ቀን ረቡዕ ነው፤ ለዛሬ ግን እንግዳ ናችሁ፣ ግድ የለም። ጎረቤቶቼንም አስማምቻለሁ።»

ጥላው ከረባቱን አየው። ከረባቱ ጥላውን አላየውም። ገባ፤ ተቀመጠ፤ ከውሃው ተጎነጨ። ከዚያ ቀስ ብሎ መጽሐፉን አወጣ። ሴትዮዋም ጭንቅላቷን መነቅነቅ ጀመረች።

ማምሻውን ለኃላፊው ደወለ። «ክቡር ኃላፊ፣» አለ፤ ድምፁ ወደ ድሮው ተመልሷል፣ «እጄ በሩን ሳይነካው ተከፈተ።»

«ሌላ የተዘጋጀ ሰፈር!» ብለው ጮኹ ኃላፊው።

ከረባቱም አንዲት ቃል አልዋሸም።